ሶሻልን ያለ ሽምደዳ ማጥናት፦ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች

አስረኛ ክፍልን አጠናቅቀው ወደ 11ኛ የሚያልፉ ተማሪዎች ማኅበራዊ ሳይንስን ወይም የተፈጥሮ ሳይንስን በሚመርጡበት ጊዜ ከታላላቆቻቸው በብዛት የሚሰሙት ምክር «ሒሳብ ካልወደድክ ሶሻል ግባ፤ እዚያ ማንበብ ብቻ ነው» የሚል ነው። ይህ ምክር ሁለት ስሕተት አለበት። አንደኛ፣ የሶሻል ተማሪ ከሒሳብ አያመልጥም፤ በ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከታሪክ፣ ከጂኦግራፊና ከኢኮኖሚክስ ጎን እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ (የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተና) ይጠብቁታል። ሁለተኛው ስሕተት ግን የባሰ ነው፤ «ማንበብ» የሚለው ቃል በተማሪው አእምሮ ውስጥ «መሸምደድ» ወደሚል ይለወጣልና። እኔም በጊዜው የ11ኛ ክፍልን የታሪክ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ማርከር ቀልሜ፣ ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ በሞዴል ፈተናው ግማሹን እንኳን ሳላገኝ ቀርቻለሁ። መጽሐፉን ስከፍት ሁሉም ነገር የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ስዘጋው ግን ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው የሚያሻግረኝ ክር አልነበረኝም። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን ክር ለመፈተል የሚረዳ አሠራር ነው።

በቅድሚያ ስለ ቋንቋ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ የታሪክ ወይም የኢኮኖሚክስ ድክመት ነው ብሎ የሚያስበው ችግር በእርግጥ የእንግሊዝኛ ችግር ሆኖ ይገኛል። የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ግን የሚያስበው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። አንድን አንቀጽ ቃል በቃል ይዞ ትርጉሙን ያልያዘ ተማሪ፣ ፈታኙ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ዓረፍተ ነገር ሲያቀርብለት አያውቀውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ትንሽ ደብተር ያዙ፤ በገጹ ግራ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ ደግሞ ለታናሽ እህታችሁ ብትነግሯት በሚገባት የአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ፍቺውን ጻፉ። የመዝገበ ቃላት ትርጉም መገልበጥ አይበቃም። ለምሳሌ «ኢንፍሌሽን» በሚለው ትይዩ «የዋጋ ግሽበት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን «የአብዛኛው ዕቃና አገልግሎት ዋጋ በአጠቃላይ እየጨመረ መሄዱ፤ የአንድ ዕቃ ብቻ መወደድ አይደለም» ብሎ የጻፈ ተማሪ አንድ የፈተና ጥያቄ ከወዲሁ መልሷል።

ወደ ታሪክ እንግባ። በእኛ አገር የታሪክ ተማሪ፣ የብዙ አገር ተማሪ የማያውቀው አንድ ሸክም አለበት፤ እርሱም የሁለት ዘመን አቆጣጠር ነው። የመማሪያ መጽሐፉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይናገራል፤ ሐውልቱ፣ በዓሉ፣ ሬዲዮው፣ አያቱ ደግሞ በኢትዮጵያው። ተማሪው «1888» የሚለውን ዐድዋን እያሰበ ያውቀዋል፤ መጽሐፉ ውስጥ 1896 ሲያገኝ ግን ሌላ ጦርነት ይመስለዋል። መፍትሔው ሁለቱንም ዓመት መሸምደድ ሳይሆን ደንቡን ማወቅ ነው። ከመስከረም 1 አንሥቶ በጎርጎርዮሳዊው ዓመት መጨረሻ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይሆናል። ይህን በምሳሌ ፈትኑት። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስለሆነ 8 ጨምሩ፤ 1896 ይመጣል። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበርና 1936 ይሆናል። በአንጻሩ የታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተጀመረው ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ስለሆነ የሚጨመረው 7 ነው፤ 1960። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነውና እርሱም 7 ተጨምሮበት 1974 ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው በዚያው በ1967 ዓ.ም. በየካቲት ወር ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው ግን 1975 ተብሎ ይጻፋል። አንድ የኢትዮጵያ ዓመት ሁለት የውጭ ዓመታት የሚሸፍን መሆኑን ያልተረዳ ተማሪ፣ ሁለቱ ድርጊቶች የተራራቁ ይመስሉታል።

ይህ ከገባችሁ በኋላ ረጅም ወረቀት ወስዳችሁ (አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ጥሩ ያገለግላል) አግድም መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በላይ የኢትዮጵያን ታሪክ፣ ከመስመሩ በታች የአፍሪካንና የዓለምን ታሪክ አስቀምጡ። የ12ኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፍ ስለ አውሮፓ ካፒታሊዝምና ብሔርተኝነት፣ ስለ አፍሪካ ቅኝ መገዛት፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ስላለችው ኢትዮጵያ በየምዕራፉ ለየብቻ ይተርካል፤ ነገሮቹ ግን የሆኑት ጎን ለጎን ነው። ምዕራፎቹን አንድ መስመር ላይ የሚያገናኛቸው ተማሪው ራሱ ነው።

አሁን ደግሞ የምክንያትን ሰንሰለት እንዴት መሥራት እንደሚቻል በአንድ ምሳሌ በዝርዝር ላሳያችሁ። «የዐድዋ ጦርነት ምክንያት ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ተማሪ «የውጫሌ ውል አንቀጽ 17» ብሎ ያቆማል። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ወደ ኋላ ሂዱ። የስዊዝ ቦይ በ1869 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የቀይ ባሕር ዳርቻ ለአውሮፓውያን ዋጋው ናረ፤ በዚያው ዓመት አንድ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ በአሰብ መሬት ገዛ። በ1885 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዙ፤ በ1887 እ.ኤ.አ. በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር ተመቱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተደራረቡ። ከብቱን በጨረሰው በሽታ የተጀመረው፣ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ አገሩን አደከመ፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ፤ ከሳምንታት በኋላ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ውጫሌ ላይ ውሉን ፈረሙ። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን አማካይነት ለመገናኘት እንደሚችሉ ሲናገር፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. መሻራቸውን አስታወቁ፤ ጣሊያን ወደ ትግራይ ገፋች፤ ዐድዋም ተከተለ።

ይህን ሰንሰለት በወረቀት ላይ በቀስት እያያያዛችሁ ከሳላችሁት በኋላ ለእያንዳንዱ ቀለበት «ይህ ባይሆን ኖሮ ቀጣዩ ይሆን ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የስዊዝ ቦይ ባይከፈት ጣሊያን አሰብ ላይ ምን ትፈልግ ነበር? ውሉ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበር ወይስ ሌላ ሰበብ ይገኝ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ አከራካሪ ነው፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ሰበብንና ሥረ መሠረታዊ ምክንያትን መለየት የፈታኞች የተወደደ ጥያቄ ስለሆነ፣ ከጓደኛ ጋር አንድ ማታ በዚህ ላይ የተከራከረ ሰው በፈተና ክፍል ውስጥ አይደናገርም። ለአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ለ1966ቱ አብዮት፣ ለአፍሪካ ነጻነት ትግልም እንዲሁ ሰንሰለት ሥሩ፤ በአንድ ሳምንት አንድ ሰንሰለት ይበቃል።

ጂኦግራፊ ላይ የማየው ትልቁ ችግር ተማሪው ካርታን እንደ ጌጥ ማለፉ ነው። ስለዚህ የምመክረው የመጀመሪያ ሥራ የኢትዮጵያን ካርታ ሳያዩ በባዶ ወረቀት ላይ መሣል ነው። የመጀመሪያው ሥዕል ድንች ይመስላል፤ ግድ የለም። በሁለተኛው ቀን ስድስቱን ጎረቤቶች በቦታቸው አስቀምጡ፤ በሦስተኛው ስምጥ ሸለቆውን ከአፋር እስከ ጨው ባሕር በሰያፍ አሥምሩና ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አብያታን፣ ሻላን፣ ሐዋሳን፣ አባያንና ጫሞን በተራቸው ደርድሩ፤ በአራተኛው ወንዞቹን አፍስሱ። ወንዞቹን ስትስሉ ለእያንዳንዱ «ወዴት ይሄዳል?» በሉ። አባይ፣ ተከዜና ባሮ ወደ ምዕራብ ወርደው ከናይል ሥርዓት ይቀላቀላሉ፤ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ አዋሽ ግን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ከፍታ ተነሥቶ ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ፣ በጂቡቲ ድንበር ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ይህን በእጁ የሳለ ተማሪ የተፋሰስን ምዕራፍ ገና ሳያነብ ግማሹን ያውቀዋል።

ከካርታ ቀጥሎ ቁጥር ይመጣል። ኢትዮጵያ በግምት ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ መካከል ትገኛለች። ይህን መስመር ብዙዎች በቃላቸው ይይዙታል፤ ምን እንደሚናገር ግን አይጠይቁም። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ከምሥራቁ ጫፍ እስከ ምዕራቡ ጫፍ ያለው የ15 ዲግሪ ልዩነት የአንድ ሰዓት የፀሐይ ልዩነት ማለት ነው፤ በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ጫፍ ፀሐይ ስትወጣ ጋምቤላ ገና ጨለማ ነው። እንዲሁም ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ የሚሉትን ቃላት ከልጅነታችን ጀምሮ ብንሰማቸውም መጽሐፉ የከፍታ ወሰን ይሰጣቸዋል፤ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ቆላ፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ ከ2,300 እስከ 3,300 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። የሙቀት መጠን በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ እንደሚቀንስ ካወቃችሁ፣ በ1,000 ሜትር ላይ 25 ዲግሪ የሆነ ቀን በ2,400 ሜትር ላይ ስንት እንደሚሆን ማስላት ትችላላችሁ፤ 1.4 በ6.5 ሲባዛ 9.1 ስለሆነ ወደ 16 ዲግሪ ይጠጋል። ከመተሐራ ተነሥቶ በአውቶቡስ አዲስ አበባ የገባ ሰው ጃኬት የሚፈልግበትን ምክንያት በወረቀት አስልታችኋል ማለት ነው። በነገራችን ላይ የራስ ዳሽን ከፍታ በአንዳንድ መጽሐፍ 4,620፣ በሌላው 4,533 ሜትር ተብሎ ስለሚገኝ አትደናገጡ፤ አሁን የምትማሩበት መጽሐፍ የያዘውን ያዙ።

የሕዝብ ቁጥር ምዕራፍም ከንባብ ይልቅ በእርሳስ ይጠናል። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን ገደማ፣ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አሳይቷል። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች በመነሣት የዓመት ዕድገቱ 2.6 በመቶ ገደማ መሆኑን ራሳችሁ አውጡ፤ ከዚያ 70ን ለ2.6 አካፍሉና ሕዝቡ በዚያ ፍጥነት ቢቀጥል በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ታያላችሁ፤ 27 ዓመት ገደማ። የዕጥፍ ጊዜ ቀመር እንዲህ ከተሠራ አይረሳም።

ኢኮኖሚክስ ከሦስቱ ሁሉ ለሽምደዳ የማይመች ነው፤ ተማሪዎች ግን ፍቺዎችን በመሸምደድ ይጀምሩታል። እኔ ከገበያ ጀምሩ እላለሁ። የዝናብ እጥረት ደርሶ የጤፍ ምርት ቢቀንስ የአቅርቦት መስመሩ ራሱ ወደ ግራ ይሸሻል፤ ዋጋው ይጨምራል። እናታችሁ በዋጋው መጨመር ምክንያት የምትገዛውን ጤፍ ብትቀንስ ግን የፍላጎት መስመሩ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ እርሷ በዚያው መስመር ላይ ወደ ላይ ሄደች እንጂ። በዚሁ ምክንያት ከጤፉ ጋር ማሽላ መቀላቀል ብትጀምር ደግሞ የማሽላ ፍላጎት መስመር ወደ ቀኝ ተሻገረ። ይህን የመስመር መሸሽና በመስመር ላይ የመሄድ ልዩነት በሥዕል ሦስት አራት ጊዜ ያልሠራ ተማሪ፣ የዘጠነኛ ክፍሉንም ሆነ በ12ኛ ክፍል የሚመጣውን የጠቅላላ ፍላጎትና የጠቅላላ አቅርቦት ምዕራፍ አይሻገረውም። ግሽበት ከ30 ወደ 15 በመቶ ወረደ ሲባል ዋጋ ቀነሰ ማለት አለመሆኑንም በዚሁ አጋጣሚ ልብ በሉ፤ ዋጋው አሁንም እየጨመረ ነው፤ የቀነሰው ፍጥነቱ ነው።

ዜና ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ነጻ አጋዥ መጽሐፍ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በንግድ ባንክ ከ57 ብር ተኩል ገደማ ወደ 74 ብር ከሰባ ሳንቲም አካባቢ በአንድ ቀን ዘለለ። ይህን ቁጥር ወስዳችሁ ሁለት ስሌት ሥሩ። ዶላር በብር ሲለካ በስንት በመቶ ተወደደ? ወደ 30 በመቶ። ብር በዶላር ሲለካ በስንት በመቶ ወደቀ? ወደ 23 በመቶ። ሁለቱ ለምን እንደሚለያዩ ለጓደኛችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ የመቶኛ ለውጥ መነሻው ምን እንደሆነ ገብቷችኋል። ቀጥላችሁ ቡና ላኪው፣ ነዳጅ አስመጪውና የውጭ ዕዳ ከፋዩ መንግሥት እያንዳንዳቸው ምን እንደሚገጥማቸው በአንድ አንቀጽ ጻፉ፤ በ12ኛ ክፍል ስለ ማክሮ ኢኮኖሚ ማሻሻያ የሚናገረው ምዕራፍ ከዚያ በኋላ ልብ ወለድ ያህል ይነበባል። ቀመሮችን በተመለከተ ትንሽ ናቸው፤ ለምሳሌ አንድ ማኅበረሰብ ከሚጨመርለት ከእያንዳንዱ ብር 80 ሳንቲሙን የሚያወጣ ከሆነ አባዢው (የወጪ ጭማሪ ጠቅላላ ገቢን በስንት እጥፍ እንደሚያሳድግ የሚናገረው ቁጥር) 1 ለ0.2 ተካፍሎ 5 ይሆናል። በየቀኑ ሁለት ሁለት ስሌት በቂ ነው።

ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ ላይ አጭር ቃል ብቻ አለኝ። የሶሻል ተማሪ ሒሳብን ከተወ ከስድስቱ ትምህርቶች አንዱን በገዛ ፈቃዱ ሰጠ ማለት ነው፤ አማካዩን ግማሽ ላይ ለማድረስም በሌሎቹ ላይ የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። ከሁሉም ምዕራፍ ጋር መታገል ካልቻላችሁ በስታቲስቲክስ፣ በተከታታይ ቁጥሮችና በንግድ ሒሳብ ጀምሩ፤ እነዚህ ለኢኮኖሚክሱም ያገለግላሉ። እንግሊዝኛ በየቀኑ በጥቂቱ ይጠናል፤ አፕቲቲዩድ ደግሞ ሰዓት እየያዙ በመለማመድ።

የቀድሞ ፈተናዎችን በተመለከተ አብዛኛው ተማሪ የሚፈጽመው ስሕተት መልሱን መቁጠር ነው። ከ60 ጥያቄ 38 አገኘሁ ይልና ወረቀቱን ያጥፋል። የተሻለው አሠራር በተሳሳታችሁበት ጥያቄ አጠገብ የስሕተቱን ዓይነት መጻፍ ነው፤ አላውቀውም ነበር፣ አውቄው ተደናገርኩ፣ ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩም፣ ወይም ጊዜ አለቀብኝ። ሦስተኛው ዓይነት ከሚጠበቀው በላይ ብዙ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ በተለይ «ከሚከተሉት መካከል የማይሆነው የቱ ነው» የሚሉ ጥያቄዎች ላይ። ትክክለኛውን መልስ ካገኛችሁ በኋላም አትለፉት፤ የቀሩት ሦስት ምርጫዎች ለምን እንደማይሆኑ፣ እያንዳንዳቸውም ለየትኛው ጥያቄ መልስ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተናገሩ። በዚህ መንገድ አንድ ጥያቄ አራት ይሆናል። ፈተናው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን የሚነካ ስለሆነ ደግሞ የድሮ መጻሕፍታችሁን ለታናናሾቻችሁ ለመስጠት አትቸኩሉ።

የጥናት ቡድን ከሦስት ወይም ከአራት ሰው ባይበልጥ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሻይ ይበዛል። ቡድኑ ሲገናኝ አብሮ ማንበብ ጊዜ ማጥፋት ስለሆነ እያንዳንዱ አንድ ሰንሰለት ወይም አንድ ካርታ ሠርቶ ይምጣና መጽሐፍ ሳይገልጥ ያስረዳ፤ ሌሎቹ መጽሐፉን ከፍተው ያርሙት።

ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ብዙ ተፈታኞች ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እያደሩ መፈተን ጀምረዋል። በዚያን ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሲነገር ብዙ ቤተሰብ ደንግጧል፤ አንዳንዱ ተማሪም ከድንጋጤው የተነሣ ወደ ግቢ ሲሄድ ሻንጣውን በአጋዥ መጻሕፍት ይሞላል። እዚያ ደርሶ አዲስ ምዕራፍ የሚጀምር ሰው የሚያተርፈው እንቅልፍ ማጣት ነው። ለግቢ ከሚፈቀደው ዕቃ ጋር የቃላቱን ደብተር፣ የታጠፈውን የዘመን መስመርና ካርታ የሚሣልበት ጥቂት ባዶ ወረቀት ያዙ፤ ማታ ማታ አንድ ካርታ ሣሉ፣ አንድ ሰንሰለት በቃላችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ተኙ።